ሁለት ቀን ውሃ ያልጠጣው ሶሌታ

አምስተኛው ሶሌታ፣ የድልድዩ የመጨረሻ የኮንክሪት ወለል፣ በክሬኑ ሰንሰለት ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ ውሃ አጠጪዋ ባየሽ ፊቷን አዞረች። በቀይ ቀለም የተጻፈበትን ቁጥር ማየት አልቻለችም።

አራቱ ሶሌታዎች ከትናንት ጀምሮ ቦታቸውን ይዘዋል። የቀረው ይህ የመጨረሻው፣ ድልድዩን ከማዶው ዳር፣ ከባየሽ መንደር የሚያገናኘው ነው። ገንዳ ውሃ ከተማ፣ ግቢ ውስጥ ተሠርቶ፣ ተጭኖ መጥቶ በሁለት ቀን የሚገጠም ድልድይ በዚህ ቆላ ታይቶ አያውቅም። ኢንጂነር ረፊቃ ይህን ለማስፈቀድ ሁለት ዓመት ደጅ ጠንታለች። ዛሬ ሊያዩ የመጡት ኃላፊዎች ዣንጥላ ዘርግተው ከዳር ቆመዋል፤ ካማረ የኮኪትም የአብርሃ ጅራም ድልድይ በዚሁ መንገድ ይሠራል፣ ካላማረ ነገሩ እዚሁ ይቀበራል። በደጋው በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ክሬኑ የቆመው የወንዙ አሸዋ ላይ ነውና ጎርፍ ሳይወርድ መውጣት አለበት።

የባየሽ ሥራ ውሃ ነበር። ሶሌታዎቹን በጆንያ ሸፍና ጠዋት ማታ ታጠጣለች፤ በመተማ ሐሩር ያልጠጣ ኮንክሪት እንደማይጠነክር ረፊቃ ደጋግማ ነግራታለች።

ታዲያ አምስተኛውን ሳታጠጣ ለምን ቀረች? አምና ክረምት እናቷ ስትሞት ወንዙ ሞልቶ ለቀብሯ እንኳ አልደረሰችም፤ ከዚህ ዳር ቆማ የማዶውን ለቅሶ ሰማች። ተዝካሩ ወንዙ ሳይሞላ ተብሎ ግንቦት ላይ ሲደገስ እንዴት ትቅር! የአምስተኛው ኮንክሪት በተሞላ ማግስት ለዘበኛው ለእንዳለው አደራ ብላ ሄደች። ከሁለት ቀን በኋላ ስትመለስ እንዳለው ሳያጠጣው ቀርቶ ጆንያው ደርቆ ከኮንክሪቱ ተጣብቆ ጠበቃት። ደነገጠች፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላለች። ለጥንካሬ ምርመራ ከዚያው ኮንክሪት የተወሰደው ናሙና ግን በውሃ በርሜል ውስጥ ተቀምጦ ነበርና ፈተናውን አለፈ።

አሁንም ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ዛሬ በእግሯ ተሻግራ እህቷ ቤት ታድራለች። እህቷ አገኘሽ ማዶ ከመንደሩ ሰው ፊት ቆማ እጇን ታውለበልባለች። ባየሽ ያንን ሰው ሁሉ፣ ሠራተኛ የጫነውን ትራክተር ሁሉ፣ በዚያ ሶሌታ ላይ አሰበችው። ሄዳ ረፊቃን ጆሮዋ ሥር ተጠጋቻት።

«ኢንጂነር፣ አምስተኛው ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ አላገኘም። ትቼው ሄጄ ነበር።»

የረፊቃ ፊት አመድ መሰለ። ዣንጥላዎቹን አየች፤ ሰማዩን አየች። ከዚያ እጇን አንሥታ ሶሌታው አሸዋው ላይ እንዲወርድ አዘዘች። የጥንካሬ መለኪያ መዶሻዋን አውጥታ አንድ ቦታ መታች፣ ሌላም ቦታ መታች። ሦስተኛው ላይም መለኪያው ያሳየው ቁጥር ከሚፈለገው በታች ነበር።

«መልሱት» አለች ለክሬን ሠራተኛው። ወደ ባየሽ ስትዞር ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «ነገ ሌላ እንሞላለን፣ እትዬ ባየሽ። የሚያጠጡት እርስዎ ነዎት።»

አዲሱ ኮንክሪት እስኪጠነክር ሃያ ስምንት ቀን! እስከዚያ ሐምሌ ይጋመሳል፤ ወንዙም ሞልቶ ክሬን አያስቆምም። እንግዶቹ ዣንጥላቸውን አጥፈው ወደ መኪናቸው ሲያመሩ ረፊቃ ልታስረዳቸው ተከተለቻቸው። ክሬኑ ሶሌታውን ይዞ ዳር ሲወጣ የመጀመሪያው ድፍርስ ውሃ የጎማውን ዱካ ሞላው።

«ምን ሆነ? ለምን መለሱት?» አለች አገኘሽ ከማዶ ጮኻ።

ባየሽ ነጠላዋን ጠበቅ አድርጋ ታጠቀችና እስከ አራተኛው ሶሌታ ጫፍ ሄደች። ከእህቷ የሚለያት አንድ ሶሌታ የሚያህል ክፍተት ነው። በሹክሹክታ የተናገረችውን አሁን መንደሩ ሁሉ እየሰማ መጮህ ነበረባት። እጆቿን በአፏ ዙሪያ አድርጋ ጥፋቷን ከእናታቸው ተዝካር ጀምራ መናገር ያዘች።