ትሮምቦን ማማ ላይ

አብርሆት የሙዚቃ ትምህርት ሁለተኛ ዓመቷን ስትጨርስ በትሮምቦን፣ በረጅሙ የናስ ጥሩምባ፣ ወደቀች። በቲዎሪ ደህና ነበረች፣ ጆሮዋም የሰማውን አይስትም፤ ዋናው መሣሪያዋ ላይ ግን ፈታኞቹ ተያይተው «ክረምቱን ሠርታ በመስከረም ትመለስ» አሉ። መምህሯ ኃይለሚካኤል ኮሪደሩ ላይ ጠብቀው አገኟት።

«አብርሆት፣ ኖታው ልክ ነው፣ ጊዜው ልክ ነው። ግን ያስተኛሽው ሕፃን እንዳይነቃብሽ የምትፈሪ ነው የምትመስይው። ትሮምቦን እኮ ነው! ሂጂና ንፊው።»

እውነታቸውን ነበር። ትሮምቦንን ራሷ አልመረጠችውም። ቦንጋ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በኳየር ስትዘምር ያደገች ልጅ፣ ለሙዚቃ ዲግሪ አዲስ አበባ የሄደችው ፒያኖ ልትማር ነበር። የፒያኖው ቦታ ሞላ። መሣሪያ ሲደለደል አንዱ መምህር ረጃጅም ክንዶቿን አይቶ «ይህቺ የሚሳበውን ቱቦ፣ ስላይዱን፣ እስከ ጫፉ ታደርሰዋለች» አለ፤ ነገሩ በዚያው ተቆረጠ። የምትኖረው ደግሞ አክስቷ ቤት፣ ከጎረቤት ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋራ ቤት ውስጥ ነበር። ልምምድ በጀመረች ቁጥር አክስቷ «ቀስ!» ይሏታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀስ ስትል ኖረች።

አገሩ ሁሉ ሚሌኒየሙን በሚጠብቅበት በዚያ ክረምት፣ ረጅሙን ጥቁር ሣጥኗን ታቅፋ ቦንጋ መናኸሪያ ወረደች። የአንደኛ ደረጃ መምህርት የሆነችው እናቷ በዛወርቅ ስማት ሳታበቃ ሣጥኑን አየችው።

«ወደቅሽ?»

«ድጋሚ ፈተና ነው እንጂ መውደቅ አይባልም፣ እማዬ።»

«እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ልጄ። ቃሉን አውቀዋለሁ።»

ተሳሳቁና ሣጥኑን በሁለት በኩል ይዘው ወደ ቤት ወጡ።

በማግሥቱ ጠዋት ዝናቡ ጋብ ሲል አብርሆት በረንዳው ላይ ቆማ መምህሯ እንዳዘዟት ነፋችው። ሳንባዋ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሰጠችው። ብዙም ሳይቆይ የግቢው በር ተንኳኳ። ነጠላቸውን ለለቅሶ ያዘቀዘቁ ሴቶች ቆመዋል።

«ማን አረፈ?» አሉ፤ የእድር ጥሩምባ መስሏቸው ነው።

በዛወርቅ ማንም እንዳልሞተ አስረድታ ይቅርታ ጠየቀች። ሴቶቹ ተመስገን ብለው ተመለሱ፤ አንዷ ግን ወጧን ከእሳት አውርዳ ስለመጣች ትንሽ ቅር ሳይላት አልቀረም።

ቀጥሎ የመጣው የጎረቤታቸው የእትዬ ዓባይነሽ ላም ጉዳይ ነው። ላሟ ከአጥሩ ወዲያ ታስራ ሳለ የትሮምቦኑን ወፍራም ድምፅ ስትሰማ ኮርማ የመጣ መሰላት። ጮኻ መለሰች፤ ደግማ መለሰች፤ መጨረሻ ላይ ገመዷን በጥሳ፣ አጥሩን ጥሳ፣ የበዛወርቅ ጎመን መሃል ገብታ ቆመች። እትዬ ዓባይነሽ ጨዋ ሴት ናቸውና አልተቆጡም።

«በዛወርቅ፣ ልጅሽ ትማር፤ እኔ ትምህርት አልጠላም። ግን እቺ ላም ባሏን ፍለጋ ወጥታ እንዳትቀርብኝ።»

ያን ዕለት ማር ሊያደርሱ የመጡ ጋሽ ገሠሠ የሚባሉ ገበሬ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ወሬውን ሁሉ ሰምተዋል። አብርሆት ትሮምቦኗን አቅፋ አኩርፋለች። ሰውየው መሣሪያውን ከላይ እስከ ታች አዩትና «ላም የሚያስበረግግ ነገር ጦጣ አያባርርም?» አሉ።

ማሳቸው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በዋጫ መንገድ ቁልቁል፣ ጫካው ጥግ ነው። በቆሎው እሸት ሊሆን ደርሷል፤ ጦጣውም ይህን ያውቃል። አብርሆት ሣጥኗን በገመድ አስጎትታ ማሳው መሃል በእንጨት ከፍ ተደርጎ የተሠራው የጥበቃ ማማ ላይ ወጣች። ከታች ጦጣዎቹ ልጆቻቸውን በሆዳቸው አንጠልጥለው፣ በቆሎውን እየፈለፈሉ፣ የራሳቸው ማሳ ይመስል ተዝናንተዋል።

«በይ እንግዲህ፣» አሉ ጋሽ ገሠሠ። «እዚህ የምታስቀይሚው ሰው የለም።»

አንገቷን ቀና አድርጋ ነፋች። ድምፁ ሸለቆውን ተሻግሮ ማዶ ካለው ኮረብታ ጋር ተላተመና ተመለሰ። ጦጣዎቹ የያዙትን ጥለው፣ እርስ በርስ እየተረጋገጡ ጫካው ውስጥ ተበተኑ። ጋሽ ገሠሠ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አብርሆትም አፏን ከመሣሪያው ስታነሳ ያ ሁሉ ድምፅ ከእሷ መውጣቱን ማመን አቃታት።

ከዚያ ወዲያ ሥራዋ አደረገችው። በቦቲ ጫማ ጭቃውን እያቦካች ትወርዳለች፤ ረጃጅም ድምፆችን ትጎትታለች፤ የኖታ ደረጃዎቹን፣ ስኬሏን፣ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ኮረብታው የሚመልስላት የቀደመው ድምፅ አሁን ከምትነፋው ጋር ካልገጠመ ስላይዱን የጥፍር ያህል አስጠግታ ታስተካክላለች። የተጠበሰ እሸት በልታ፣ ከንፈሯን ጠርጋ እንደገና ትጀምራለች።

ጦጣም ግን መብላት አለባት። ከጋሽ ገሠሠ ማሳ የተባረረችው ሁሉ ጅረቱን ተሻግራ የጋሽ ወልደሥላሴ በቆሎ ላይ ሰፈረች። ጋሽ ወልደሥላሴ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ ዱላቸውን ጨብጠው መጡ።

«ገሠሠ! ጦጣህን ለምን ወደ እኔ ትነዳለህ?»

«ጦጣ የማንም አይደለችም።»

«ያንተን በቆሎ ስትበላ ያንተው ነበረች። አሁን በጥሩምባ ሸኝተህ ላክልኝ!»

ወደ አገሩ ቋንቋ፣ ወደ ካፊኖኖ፣ ሲሻገሩ ንግግሩ ከረረ። አብርሆት ፊቷ እንደጋለ ከማማው ወረደች።

«ጋሽ ወልደሥላሴ፣ እርስዎም ማማ አለዎት?»

«ማማ የሌለው ማን አለ?»

«እንግዲያው ጠዋት እርስዎ ጋ፣ ከሰዓት እዚህ እነፋለሁ።»

ሰውየው ዱላቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። «ጠዋት እኔ ጋ መሆንሽን ጦጣዋ ካወቀችስ?»

«ማን ይነግራታል?»

ጋሽ ወልደሥላሴ ሳይወዱ ፈገግ አሉ፤ ነገሩ በዚያ በረደ። ጦጣዎቹም ድምፁ ከየት እንደሚመጣባቸው ግራ ሲገባቸው ወደ ጫካው ፍሬ ተመለሱ።

ነሐሴ ሲጋመስ አንድ ቀን ከሰዓት ጉም ወርዶ ሸለቆውን ሁሉ ሸፈነው። ማማው ላይ ያለችው አብርሆት የቆመችበትን እንጨት እንጂ ሌላ አታይም። ለፈተናዋ ከምታዘጋጃቸው ሥራዎች አንዱን፣ ቀስ ያለውንና ትንፋሽ የሚፈልገውን፣ ስትሸሸው ነበር የከረመችው። ያን ቀን ማንም አያየኝም ብላ ጀመረችው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ፍርሃት ግን አልነበረበትም። ጨርሳ መሣሪያውን ስታወርድ ጉሙ ውስጥ ጸጥ አለ።

«ልጄ!» የሚል ድምፅ ከማዶ መጣ። ጋሽ ወልደሥላሴ ናቸው።

«አቤት!»

«ያችን ቀስ ያለችዋን ድገሚያት!»

አብርሆት ድምፁ ወደመጣበት ዞረች። ትምህርት ቤት «ድገሚው» የሚሏት ስትሳሳት ነበር። ጣፍጧቸው ድገሚ ያሏት ሰው እስከዚያች ሰዓት አልነበረም። ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ ደገመችው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በለጠ።

ጉሙ ሲነሳ ጦጣዎቹ ማሳው ዳር ተደርድረው፣ ረጋ ብለው እሸት ይግጣሉ። ጋሽ ገሠሠ ማማው ሥር ቆመው ያዩዋቸዋል፤ ድንጋይ ግን አላነሱም።

«ይቺኛዋ ጦጣ አታባርርም፣» አሉ።

«ይቅርታ፣ ጋሽ ገሠሠ። ሌላውን ልንፋ?»

«ቆይ እስቲ። እኔም ለመስማት ገና መቆሜ ነው።»

መስከረም ማለቂያ ላይ ፈታኞቹ ፊት ስትቆም ትንፋሿ ከእሷ ጋር ነበር። የመጀመሪያው ድምፅ ሲወጣ አንዷ ፈታኝ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አደረገች። ቀስ ያለው ሥራ ላይ ስትደርስ መምህር ኃይለሚካኤል እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

አለፈች። ከፍተኛው ውጤት አይደለም፤ ላይኛው ድምፅሽ ገና ይሳሳል ብለዋታል። «ይህን የታችኛውን ግን የት አመጣሽው?» አሉ መምህሯ።

«በቆሎ ስጠብቅ ነው የከረምኩት።»

ቀልድ መሰላቸውና ሳቁ። ከዚያ ትምህርት ቤቱ ለሚያቀርበው ኮንሰርት በሚዘጋጀው ቡድን ውስጥ ስሟን እንዳስገቡ፣ ልምምዱም በዚያው ቀን ከሰዓት እንደሚጀመር ነገሯት።

እናቷን ስልክ ላይ ያገኘቻት ወደ ልምምዱ እየሮጠች ነው። በዛወርቅ ዜናውን ስትሰማ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ «ተመስገን» አለች።

«እማዬ? አለሽ?»

«አለሁ። እኔ እኮ አንዴም ቁጭ ብዬ ሰምቼሽ አላውቅም፣ አብርሆት። ጎረቤት ይቅርታ ስጠይቅ ነው የከረምኩት። ኮንሰርቱ መቼ ነው?»

«ትመጫለሽ?»

«ፈቃድ እጠይቃለሁ። ፊት ወንበር ያዢልኝ።»

አብርሆት ሣጥኗን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛውራ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወጣች። አዳራሹ ውስጥ ሌሎቹ መሣሪያቸውን መቃኘት ጀምረዋል።