ለቄሱ የተላከ ጥያቄ

አንሶላው ከማድረቂያው ገና መውጣቱ ስለሆነ እጅ ያሞቃል። እትዬ ሁለቱን ጫፍ ይዘዋል፣ እኔ ሁለቱን። ወደ ኋላ እንራመድና እንወጥረዋለን፣ አንዴ እናራግፈዋለን፣ ከዚያ ጫፍ ከጫፍ ልናገናኝ ወደ መሀል እንመጣለን። የምናወራው መሀል ላይ ስንገናኝ ነው። ወደ ኋላ ስንሄድ የማሽኖቹ ጩኸት ወሬያችንን ይበላዋል።

«እሺ» አሉኝ ጫፉን ከእጄ ሲቀበሉ፣ «ትናንት ምን ተሰበከ?»

ሰኞ ነበር። ሰኞ ሰኞ ይህን ይጠይቁኛል።

«ስለ ጠፋው ልጅ።»

«እሱንማ አውቀዋለሁ። አሳማ ጠባቂው።»

«ስለ እሱ ሳይሆን ስለ ታላቅ ወንድሙ ነው ያስተማሩት። ቤቱ በዘፈን ሲደምቅ፣ ተቀይሞ አልገባም ብሎ ደጅ ስለ ቆመው።»

ወደ ኋላ ሄድን፣ ወጠርን፣ ተመለስን።

«ታዲያ ገባ?»

«ማን?»

«ታላቁ ነዋ! አባቱ ወጥቶ ለመነው አይደል? ገባ ወይስ እዚያው ደጅ ቀረ?»

«መጽሐፉ አይናገርም፣ እትዬ።»

«ቄሱስ ምን አሉ?»

«እሳቸውም አልተናገሩም። ቤቱ ሞቆ፣ ደጁ ቀዝቅዞ፣ ሰውየው እግሩን እያፈራረቀ እንደ ቆመ ተዉት።»

እትዬ የታጠፈውን አንሶላ ክምሩ ላይ አስቀመጡና በመዳፋቸው ደለደሉት። «እኚህ ቄስ ሰው ያውቃሉ» አሉ።

ቄሱ እንዲህ አላስተማሩም። ምን እንዳስተማሩም አላውቅም። ያን እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ሰባት ወራትም አልሄድኩም። ስብከቱን የፈጠርኩት የዚያኑ ዕለት ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ፣ ከስልኬ ላይ አንድ ምዕራፍ አንብቤ ነው።

የምንሠራው በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ ምድር ቤት ነው፣ መስኮት የለውም። በሽተኛ ደግሞ እሑድ ነው ብሎ አንሶላ ማቆሸሹን አይተውም፤ ስለዚህ እሑድም ይሠራል። ከእኛ መሀል እሑድን በቋሚነት እንዲያርፍ የሚፈቀድለት አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። በመጣሁ በሁለተኛው ወር አለቃችን ዘንድ ሄጄ፣ ቋንቋውን እየሰባበርኩ፣ ክርስቲያን ነኝ፣ እሑድ ማስቀደስ አለብኝ አልኩት። እውነቴን ነበር። አለቃችን ራሱን ነቀነቀና እሑዱን ሰጠኝ።

አገሬ እያለሁ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው በራሴ እግር ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚወስደኝ ብዙ ነበር፤ እናቴ በሩን ቆርቁራ «ተነሽ» ማለቷ፣ የጎረቤት በር ሲከፈት መስማቴ፣ ብቀር «ምነው ታመመች እንዴ?» የሚል ሰው መኖሩ። እዚህ ብቀር የሚጠይቅ አልነበረም። የአገሬ ልጆች ለጥቂት ሰዓት የሚከራዩት አዳራሽ ከክፍሌ ሁለት አውቶቡስ ይርቃል። መጀመሪያ የቀረሁት በዝናብ ነው። ቀጥሎ በጉንፋን። ከዚያ በኋላ በምንም። ሃይማኖቴን አልካድኩም፣ ከማንም ጋር አልተከራከርኩም፣ እግዚአብሔር የለም ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም። ተኛሁ። ለመካድም እኮ መንቃት ያስፈልጋል።

እትዬ የተቀጠሩት ከእኔ በኋላ ነው። ሃምሳ አልፏቸዋል፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ጸሎታቸውን እንደ ሌላው ሰው ዘፈን ያንጎራጉሩታል። እሑድ ለአንድ ሰው ብቻ እንደሚፈቀድ ሲነገራቸው አልተከፉም። «አንቺ ወጣት ነሽ፣ ለሁለታችንም ቁሚልን» አሉኝና ከዚያ ቀን ጀምሮ ዲያቆኗ ብለው ይጠሩኝ ጀመር። መጀመሪያ አካባቢ የነገርኳቸው እውነተኛ ስብከት ነበር። መሄድ ሳቆም ግን ጥያቄያቸው አልቆመም። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ያበጠ ጉልበታቸውን እያሹ «ምን ተሰበከ?» ላሉኝ ሴት «እኔ እንጃ፣ እርስዎ እዚህ ሲሠሩ እኔ ተኝቼ ነበር» ማለት አቃተኝ።

የዚያን ሰኞ፣ የታላቁ ወንድም ስብከት ዕለት፣ ምሳ ላይ ከጎኔ ተቀመጡ።

«አንድ ነገር ላስቸግርሽ፣ ዲያቆኗ» አሉ። «እህት አለችኝ።»

ዓመት ከመንፈቅ አብረን ስንሠራ ስለ እህት ሲያነሱ ሰምቼ አላውቅም።

እናታቸው ያረፉት እሳቸው ከአገር በወጡ በሁለተኛው ዓመት ነው። እህታቸው አልነገረቻቸውም። ሰው አገር ብቻዋን ናት፣ ትደነግጥብናለች ብላ፣ በደወሉ ቁጥር «ተኝታለች»፣ «ዘመድ ልትጠይቅ ወጥታለች» እያለች አራት ወር ደበቀቻቸው። እትዬ መርዶውን የሰሙት ከአንድ መንገደኛ ነው፤ ሰውየው የሚያውቁ መስሎት «ነፍስ ይማር» ቢላቸው። ያን ዕለት ለእህታቸው ደውለው፣ ከዛሬ ጀምሮ ካንቺ ጋር አንድ ቃል ብነጋገር እግዚአብሔር ይፍረድብኝ ብለው ማሉ።

«አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አሉ። «ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። አሁን ታማለች አሉ፣ ኩላሊቷን ነው። ድምፅዋን ብሰማ ደስ ይለኛል። ግን መሐላው አለ።»

«ይደውሉላት እንጂ፣ እትዬ። እግዚአብሔር ምን ይልዎታል?»

«ባለሟሉ ነሽ እንዴ አንቺ?» ብለው ሳቁ። «በስሙ ነው የማልኩት፣ ልጄ። በገዛ አፌ ያሰርኩትን በገዛ አፌ አልፈታውም። ዛሬ ጠዋት እንኳ ባትነግሪኝ እተወው ነበር፤ ያ ደጅ የቆመው ሰውዬ ሌሊቱን ሙሉ እንዳያስተኛኝ ፈራሁ። ቄሱ እሑድ እሑድ ብቻ ነው የሚመጡት አይደል? በይ ጠይቂልኝ። እንዲህ ብላ የማለች ሴት አለች፣ ትደውል ወይ በያቸው። እግዚአብሔር ይፍታሽ ካሉኝ፣ ባንቺ አፍም ቢሆን ይደርሰኛል።»

እሺ አልኳቸው።

እሑድ የስልኬ ደወል ሲጮህ እጄ ራሱ አጠፋው። ስነቃ ረፍዷል። ሰኞ «ቄሱ አልመጡም ነበር፣ ሌላ ከተማ ተጠርተው ነው» አልኳቸው።

«ይሁን» አሉ። «ሰው የሚፈልጋቸው ቢሆን ነው።»

ዛሬ ድረስ ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። ያን ሁሉ ስብከት ስፈጥር ያልፈራሁ ሰው፣ «ቄሱ እግዚአብሔር ይፍታት ብለዋል» ማለት ለምን አቃተኝ? በአንዲት ዓረፍተ ነገር ያልቅ ነበር። ግን ስብከት ወሬ መሰለኝ፣ ይህኛው ሥልጣን። በቄስ ስም መፍታት ያንቀጠቅጠኛል። እምነቴ ሲደርቅ ፍቅሩ፣ ደስታው፣ ናፍቆቱ ቀድመው ሄደው፣ ፍርሃቱ ብቻ እንደ ቀረ ያወቅሁት ያኔ ነው። ለመዋሸት የሚበቃ ድፍረት አጣሁ፤ ለመነሣት የሚበቃም እምነት አልነበረኝም።

በሁለተኛው እሑድ ተነሣሁ። ለበስኩ፣ እስከ አውቶቡስ መቆሚያው ደረስኩ። እዚያ ቆሜ ሳለሁ የምሰማው ሁሉ በጆሮዬ መጣ፤ «እንዴ፣ በሕይወት አለሽ?» «የት ጠፋሽ?» ምን ፊት ይዤ ነው የምገባው? አውቶቡሱ መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ ሾፌሩ አየኝ። እጄን አወዛወዝኩለት፣ ሄደ። ሰኞ «ሰው በዝቶባቸው ማናገር አልቻልኩም» አልኳቸው። እትዬ ለቄሱ ሰው መብዛቱን ሰምተው ደስ አላቸው።

ዓርብ ዕለት ከአገር ቤት አንድ ዘመድ ደውሎላቸው ነበር። «እህትሽ ሐኪም ቤት ገብታለች አለኝ» አሉ፣ አንሶላውን ከወትሮው አጥብቀው እየወጠሩ። «በዚህ እሑድስ ታገኚያቸው ይሆን?»

በሦስተኛው እሑድ ሄድኩ።

«የት ጠፋሽ?» ያለኝ ሰው አልነበረም። አንዲት ሴት ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ፣ እንደ ትናንት። ቅዳሴው ሲያልቅ ተራዬን ጠብቄ፣ መስቀል ተሳልሜ፣ የእትዬን ነገር ነገርኳቸው። ቄሱ እስከ መጨረሻ እንኳ አላስጨረሱኝም።

«ዛሬውኑ ትደውል እንጂ! ለጠብ የተማለ መሐላ ነው፤ ስለ ማለችው ንስሐ ትገባለች፣ ስለ መታረቋ ማንም አይጠይቃትም። እግዚአብሔር ይፍታት በያት። ምነው እስከ ዛሬ ዝም አለች?»

«እሑድ ሥራ አላት፣ አባ።»

«ስልኬ እኮ በሩ ላይ ተለጥፏል። ሥራ ለሚከለክላቸው ብዬ ነው ያስለጠፍኩት፣ አምስት ወር ሆነው።»

ስወጣ አየሁት። በትልልቁ የተጻፈ ቁጥር ነው። በአምስት ወር ውስጥ አንድ ቀን የመጣ ሁሉ ያየዋል።

ቤቴ አልሄድኩም። በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ሄድኩ። የማሽን ጠጋኙ ደረጃው ላይ አግኝቶኝ፣ እሑድ ዕለት ሲያየኝ መንፈስ ያየ ይመስል ዓይኑን አሸ። እትዬ ከመደርደሪያዎቹ አጠገብ ተቀምጠው እግራቸውን ዘርግተው ነበር።

«ፈትተውዎታል» አልኳቸው። «ዛሬውኑ ትደውል ነው ያሉት።»

እትዬ አማተቡ። ከዚያ ፀጉራቸውን በእጃቸው አስተካከሉ፤ እህታቸው በስልክ የምታያቸው ይመስል። ደውለው፣ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ ጆሯቸውን ማሽኑ እያደነቆረው ስለሆነ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚያወሩት። ሦስቴ ጠርቶ ተነሣ። የእህታቸው ልጅ ነች። ድምፅዋ ዘግቷል።

«እኔ ነኝ፣ አክስትሽ። እናትሽን አቅርቢልኝ።»

 ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል፣ ወንበር ሲጎተት፣ አንድ ወንድ «ማን ናት? እንዳትነግሪያት» ሲል።

«እማዬ ተኝታለች» አለች ልጅቷ።

እትዬ ስልኩን አዩት። ዘጠኝ ዓመት ወደ ኋላ የተመለሱ መሰለኝ።

«መቼ ነው የተኛችው፣ የኔ ልጅ?»

 «ሐሙስ» አለች። ዓርብ የደወለላቸው ዘመድም ደብቋቸው ኖሯል።

እትዬ አልጮሁም። ልጅቷን አባበሏት፣ አጽናኗት፣ «አንቺ ደግ አደረግሽ ነገርሽኝ» አሏት። ስልኩ ሲዘጋ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ የተቻለሽን አድርገሻል» አሉኝ። «እሳቸው ካልመጡ፣ ሰው ከበዛባቸው፣ አንቺ ምን ታደርጊ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ይህን ምርቃት ይዤ መውጣት አልቻልኩም።

«ቄሱ መጥተው ነበር» አልኩ። «ሁለቱንም እሑድ። ያልሄድኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ። ከዛሬ በቀር ስምንት ወር ሊሞላኝ ነው ሄጄ አላውቅም።»

መጀመሪያ የገባቸው አልመሰለኝም። ቀስ ብለው ነው የጠየቁኝ።

«ታዲያ ያ ደጅ የቆመው?»

«የእኔ ነው።»

«የሰናፍጯ ስብከትስ? የዓሣ አጥማጆቹ?»

«ሁሉም የእኔ ነው።»

«እኔ ደግሞ አባ ሰው ያውቃሉ እላለሁ» አሉ። ሳቅ የሚመስል ነገር ከአፋቸው ወጣና መንገድ ላይ ቀረ። «ባይሆን እሑዱን እንኳ ለእኔ ብትለቂልኝ ምን ነበረበት? ተኝተሽ የምታሳልፊውን?»

ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ።

«አልምልብሽም» አሉ በመጨረሻ። «አንድ መሐላ ይበቃኛል። አሁን ግን ከፊቴ ሂጂልኝ።»

ሦስት ቀን ከሥራ ቀሩ። ሲመለሱ እንደ ድሮው አብረን አጠፍን። መሀል ላይ ስንገናኝ ጫፉን ከእጄ ይቀበላሉ፣ ዓይናቸው ጨርቁ ላይ ነው። በቀጣዩ ሰኞ ምንም አልጠየቁኝም። ዲያቆኗ የሚለውን ስምም ትተውታል፤ «አንቺ ልጅ» ነው የሚሉኝ፣ እንደ ማንኛውም ሰው።

አለቃችን ዘንድ ሄጄ እሑዴን ለእሳቸው እንዲያደርግላቸው ነገርኩት። ሃይማኖት ቀየርሽ እንዴ ብሎ ቀለደ። አልቀየርኩም አልኩት፤ በአፌ ስለው ለራሴም አዲስ ነገር ሆነብኝ። እትዬ ከእሱ ሰምተው መጡና ከፊቴ ቆሙ።

«የሰጠሽኝ እንዳይመስልሽ» አሉኝ።

«አይመስለኝም» አልኩ።

ዛሬ የእሳቸው የመጀመሪያ እሑድ ነው። ይህን ጊዜ ሁለተኛው አውቶቡስ ላይ ይሆናሉ፣ ወይም ደርሰው ከኋላ ቆመዋል። እኔ ከማሽኑ ተገልብጦ የወጣውን የትራስ ልብስ እያቃናሁ ነው፤ ይህ ሥራ አንድ ሰው ይበቃዋል። እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ ጫፎቹን እይዛለሁ፣ እስባለሁ፣ በመዳፌ እደለድለዋለሁ። መሀል ላይ ለእትዬ እህት ልጸልይላት አሰብኩ። ማሽኑ ለመታጠቢያ ውኃ ሲሞላ ትንሽ ጸጥ ይላል፣ ያኔ ጀመርኩ። «ነፍሷን ማርልኝ» አልኩ፤ ከዚያ ወዲያ የምለው ስላጣሁ ያንኑ ደገምኩት። ማን እንደ ሰማኝ አላውቅም። ስብከት ስፈጥር ቃል ጠፍቶኝ አያውቅም ነበር።

የመጨረሻውን የትራስ ልብስ አቃናሁ፣ አጠፍኩት፣ ክምሩ ላይ አኖርኩት። ጋሪውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኜ ወደ ግድግዳው ገፋሁት።