አንድ ዙር ጨምረው

መኪናው መንገድ ዳር ቆሟል። መኪና ይባል እንጂ አልጋ፣ ምድጃና ጠረጴዛ ተሸክሞ የሚሄድ ቤት ነው፤ የአንድ ጡረተኛ መካኒክ አማች ቤተሰቡን ይዞ አገር ሊያይበት ዓመት ሙሉ ሲመኘው የኖረ። ገና ከከተማ ሳይርቁ ከሥሩ ቀይ ዘይት ይንጠባጠብ ጀመር። አብረው የሚጓዙት ሽማግሌው መካኒክ በጀርባቸው ተንጋለው ገብተው አዩና ክው አሉ።

ወይ ጣጣ! ካምቢዮው ሥር ያለው የዘይት ቋት ብሎኖቹ ከልክ በላይ ጠብቀው፣ ዘይቱ እንዳይፈስ በመሃል የሚያሽገው የጎማ ጓርኒሲዮን ተጨፍልቆ ወደ ውጭ ወጥቷል። ይህን ያደረገ እጅ የማን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም። የራሳቸው ነው።

ዘይቱን የቀየረው ቀጮ ነበር፤ እሳቸው ሙያ አስተምረው የራሱን ጋራዥ እስኪከፍት ያደረሱት ሰው። ቀጮ አሳምሮ አሥሮ፣ ነድቶ ሞክሮ አስረክቧል። የእሳቸውን እጅ ግን ማን ጡረታ ያውጣው! ትናንት ሰው ሳያይ ከመኪናው ሥር ገቡና፣ በድሮ የጭነት መኪና ልማዳቸው፣ እያንዳንዱን ብሎን አንድ አንድ ዙር ጨመሩበት። «የዛሬ ልጅ ጉልበት የት አለው» እያሉ። የድሮው መኪና ይችል ነበር። ይሄኛው አልቻለም።

ከላይ አማቻቸው ለቀጮ ደውሎ በስልክ ይጮኻል። «ቤተሰቤን ልትፈጅ ነበር እኮ! የመሥሪያ ቤታችንን መኪኖች ጥገና ላሰጥህ አልነበር? በቃ፣ እርሳው!»

ሽማግሌው ሰሙ። ቀጮ ያንን ሥራ ተማምኖ ሰው እንደቀጠረ ያውቃሉ። አሁኑኑ ውጣና ተናገር እንጂ አንተ ሰውዬ! አሉ ለራሳቸው። ወጡ። ልጃቸው ጨርቅ እያቀበለቻቸው «ምን ሆኖ ነው አባዬ?» ስትላቸው፣ «ያው... አስተሳሰሩ ነው» አሉ። አስተሳሰሩ! የማን? ጆሯቸው ድረስ እፍረት አቃጠላቸው። ጨርቁን ይዘው እጃቸውን ደጋግመው ጠረጉ፤ ከጸዳም በኋላ ጠረጉ።

የቀጮ ጋራዥ ሩቅ አልነበረምና ብዙም ሳይቆይ አዲስ ጓርኒሲዮንና ዘይት ይዞ ደረሰ። አማቹ ሰላምታውን እንኳ አልመለሰለትም። ቀጮ ከሥር ገባ። ብሎኖቹን እንዴት አድርጎ እንደተዋቸው እሱ ያውቃል፤ አንድ ዙር መጨመር የማን አመል እንደሆነም ያውቃል። ሲወጣ ሽማግሌውን አንዴ አያቸውና ዓይኑን ሰበረ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ለአማቹ። «አጥብቄዋለሁ። ይቅርታ።»

«ይቅርታህ ካምቢዮ ይሆነኛል?»

ሽማግሌው ከዚህ በላይ አልቻሉም። «ውሸቱን ነው! እኔ ነኝ! ትናንት ገብቼ ያጠበቅኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ!»

አማቹ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ ፊቱ ፈታ አለ። «እርስዎ ደግሞ፣ አባባ! ዕድሜዎን ሙሉ መካኒክ ሆነው እርስዎ እንዲህ ይሠራሉ? እሱን ለማዳን ብለው ነው እንጂ።»

«እኔ ነኝ እያልኩህ!»

«እሺ፣ እሺ።» ወደ ቀጮ ዞረ። «አየህ እንዴት ያለ ሰው እንዳስተማረህ? አታፍርም?»

ልጃቸው ግንባራቸውን ሳመቻቸው። «ደግነትህ እኮ አይጣል ነው፣ አባዬ» አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ቀጮ ተመልሶ ከሥር ገባ፤ እሳቸውም ተከትለውት ገቡ።

«የመሥሪያ ቤቱ ሥራስ?» አሉት በሹክሹክታ።

«ሄዷላ» አለ ቀጮ ብሎን እየፈታ። «ጋሼ፣ የእጅ ባትሪውን ይያዙልኝ። መፍቻውን ግን አይንኩብኝ።»

ያዙለት።