ግንዛቤ የተጨበጠበት ዘንባባ

ሽማግሌው ቬሎንዛራ በዕድሜ ዘመኑ ደህና አድርጎ የዋሸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ለዘንባባ ሲል። በማዳጋስካር ምሥራቅ ጫካ ያ ዘር እንደ ጎመን እየተቀነጠሰ አልቆ፣ የቀረው ከሽማግሌው ጓሮ ያለው አንድ ዛፍ ነበር። የዚህ ዘንባባ ልቡ፣ የሚበላው ነጭ ለጋ ጫፉ፣ አንዴ ከተቆረጠ ዳግመኛ አያቆጠቁጥም፤ ይደርቃል። እናም ሽማግሌው፣ «ይሄ ዛፍ ፋዲ ነው። አባቶች ከልክለዋል። ልቡን የቀመሰ ጥርሱ ይረግፋል» ብሎ አስወራ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም ዝር አላለም። ዘንድሮ ዛፉ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍሬ ያዘ። ፍሬው በስሎ ለዘር እስኪደርስ ሁለት ወር ቀርቶታል፤ የሽማግሌው ጭንቀት ከዚያ በፊት ሞት እንዳይቀድመው ነበር።

የቀደመው ሞት ሳይሆን ባለሙያ ነው። ናሪንድራ የሚባል ወጣት ዘንባባውን ሊያድን ከዋናው ከተማ መጣና የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ዘረጋ።

«ይህን ዛፍ ለምንድነው የማትቆርጡት?» አለ በድምፅ ማጉያው።

«ጥርሳችንን ብለን ነዋ» አለ የሽማግሌው ጎረቤት ቡቱቫው።

ናሪንድራ ሳቀ። «ተዉ እንጂ። ጥርስና ዘንባባን ምን አገናኛቸው? ዛፉን የምንጠብቀው ለብዝኃ ሕይወት ነው።»

ቬሎንዛራ ተጠግቶ በጆሮው፣ «ልጄ፣ ወሬውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። በእናትህ፣ ፍሬው እስኪደርስ ተወው፤ ይፍሩ» አለው።

«አባባ፣ ሕዝብ በውሸት አይመራም» አለ የመንግሥት ደመወዝተኛው ናሪንድራ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ከዚያም ወደ ማጉያው ዞሮ፣ «ፋዲው ፈጠራ መሆኑን እኚህ አባት በግልጽ ነግረውኛል። እናመሰግናቸዋለን» አለ።

ተጨበጨበ። ብዝኃ ሕይወት ምን እንደሆነ የገባው ሰው አልነበረም፤ የጥርሱ ጉዳይ ግን ለሁሉም ገብቶታል።

በማግስቱ ማለዳ ሽማግሌው የመጥረቢያ ድምፅ ሰምቶ ሲወጣ ዛፉ ተጋድሟል። መንደሩ ግንዛቤውንም መጥረቢያውንም አንድ ላይ ጨብጦ ነበር። ሽማግሌው የተበተነውን ጥሬ ፍሬ እየለቀመ አለቀሰ። እንደማይበቅል ያውቃል።

ለናሪንድራ መሸኛ ምሳ ሩዝ ላይ በኮኮናት ወተት የበሰለ ነጭ ነገር ቀረበ። ሁለቴ አስጨመረ።

«ምንድነው እንዲህ የሚጣፍጠው?»

የመለሰለት ቬሎንዛራ ነው፦ «ልታድነው የመጣኸው ነው። ጥገብ ልጄ፣ ከእንግዲህ የትም አታገኘውም።»

ናሪንድራ ማንኪያውን አስቀመጠ። ቡቱቫው እንግዳው ጨምሩልኝ ማለት ያፈረ መስሎት ሌላ ጨመረለት።