ሁለት ጣት ያጠረው ዱላ

ዱላ ሠሪው ሥራውን ለማያውቀው ሰው ማስረዳት ሁልጊዜ ይቸግረዋል። “ዱላ እሠራለሁ” ሲል “ማንን ልትደበድብበት?” ይሉታል። የሚሠራው የጎልፍ ዱላ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው በቁመቱና በእጁ ልክ። ጣጣው ያለው ርዝመትንና ክብደትን ማስታረቁ ላይ ነው። ዘንጉ ሲያጥር ኳሱን የሚመታው ራስ በእጅ ላይ ይቀላል፤ ሲረዝም ይከብዳል። አንዱን ሲነኩት ሌላው ያኮርፋል።

ታላቅ ወንድሙን “ወንድም ጋሼ” ነው የሚላቸው። አባታቸው ከሞቱ በኋላ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እሑድ እሑድ አብረው ጎልፍ ይጫወታሉ፤ ከዚያ ውጭ እምብዛም አይገናኙም። ወንድም ጋሼ ወገባቸውን ከታመሙ ወዲህ ግን ዱላቸው ኳሱን ትቶ ሣሩን ይገርፍ ጀመር። ሐኪሙ ደግሞ አስጠንቅቋቸዋል፤ መጫወት ካቆሙ ወገባቸው ይደርቃል፣ አንዴ ከደረቀ አይመለስም።

“አዲስ ልሥራልዎት፣ ትንሽ አጠር ያለ” አላቸው።

“አዲስ ሥራልኝ። ግን አንዲት ጣት ብታሳጥር ወንድሜ አይደለህም! ጭራሽ ሽማግሌ ልታደርገኝ?”

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወንድም ጋሼ ሞኝ አይደሉም፣ አለመልቀቁን ግን ይችሉበታል። ታናሽየውም መከራከሩን ትቶ ብልጥ ልሁን አለ። ወርክሾፑን ዘግቶ ዘንጎቹን ሁለት ሁለት ጣት ቆረጠ። ከዚያ የቀለለው ራስ ጀርባ ላይ ስስ የእርሳስ ብረት እየለጠፈ፣ እየላጠ፣ እንደገና እየለጠፈ፣ ሚዛኑ የድሮውን ዱላ ልክ እስኪያሳይ ድረስ ደከመ። ዓይኑን ጨፍኖ ወዘወዘው። እጅ በፍጹም አይለየውም። በዕድሜው እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም፤ ያን ቀን ኮርቶም ነበር፣ ዛሬ የሚያንገበግበው እሱ ነው።

በመጀመሪያው እሑድ ኳሱ ቀጥ ብሎ ሄደ። ወንድም ጋሼ ዱላውን ከጭናቸው ጋር አስጠግተው አዩት፣ ቀጥለው ወንድማቸውን አዩት።

“እጅህ ይባረክ” አሉ።

ዱላ ሠሪው በሆዱ ሳቀ።

በሚቀጥለው እሑድ ቀሩ። “ወገቤን ነው” አሉ በስልክ። በሌላውም እንደዚያው። ሊጠይቃቸው ሲሄድ ይቀልዳሉ፣ ስለ ጎልፍ ሲያነሳባቸው ወሬ ይቀይራሉ። እሱም ሕመሙ ብሶባቸው ነው ብሎ ተቀበለ። እንዲህ እንዲህ እያለ ክረምቱ መጥቶ ሄደ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የወንድሙ ሚስት በር ላይ አስቆመችው።

“አንተ፣ ዓይንህን ታከምክ?”

“የምን ዓይን?”

“ወንድምህ ነግሮኛል እኮ። ልክ እየሳትክ ነው አለኝ። ዱላዎቹን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎባቸዋል። ሰው አይቶ ቢያወራ የወንድሜ ስም ይጠፋል፣ ሥራ የሚያመጣለት ያጣል ብሎ። አደራ፣ እኔ ነገርኩህ እንዳትል።”

ሲገባ ወንድም ጋሼ ወንበራቸው ላይ ሆነው ጫማቸውን ለማሰር ይታገላሉ። እግራቸው ሥር ተንበርክኮ አሰረላቸውና ከዚያው ሳይነሳ ተናገረ።

“ዓይኔ ደህና ነው፣ ወንድም ጋሼ። ሆን ብዬ ነው የቆረጥኩት። እንዳያውቁብኝ ብዬ በእርሳስ ደለልኩዎት።”

ወንድም ጋሼ የታሰረላቸውን ጫማ አዩ።

“ክብደቱን ሳትስት ርዝመቱን ስትስት ጊዜ፣ እጁ ደህና ነው፣ የደከመው ዓይኑ ነው አልኩ። ልጠይቅህ ነበር። አፈርኩልህ።”

“እንሂድ በቃ፣ አሁኑኑ እንጫወት!” ብሎ እጃቸውን ይዞ አስነሳቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ወንድም ጋሼ ሳሎኑ መሃል ቆመው ለመምታት እንደሚዘጋጅ ሰው ትከሻቸውን ለማዞር ሞከሩ። ወገባቸው እሺ አላለም። ደግመው ሞከሩ፣ ከዚያ ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ።

“ምናለ ብትነግረኝ?” አሉ፣ ሳይቆጡ። ቢቆጡት ይሻለው ነበር። “አንድ ቀን ሙሉ እሰድብህ ነበር። በማግስቱ እጫወት ነበር።”