የኮቱ ምስክርነት

«ለመላው ሠራተኛ፤ ሐሙስ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት በምድር ቤቱ አዳራሽ አጭር ቀልድ ስለሚቀርብ፣ ሁላችሁም በሰዓቱ ተገኝታችሁ እንድትስቁ በጥብቅ እናሳስባለን።» ማስታወቂያው ማኅተም አለው።

ቀልዱን የጻፈው የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ፋይል ሲያመላልስ የታዘበውን በአንድ ወንበርና በአንድ ኮት ጨረሰው። ባለጉዳይ ይመጣል። «አለቃ አሉ?» «አሉ፤ ኮታቸው ይኸው።» ባለጉዳዩ ጠብቆ ጠብቆ ሲታክተው ማመልከቻውን ለኮቱ ያነብለታል። «ከባለቤቱ ይልቅ ይሄ ያዳምጣል» ብሎ ይወጣል።

ውጭ ዝናብ፣ ውስጥ ብርድ ነው፤ ተመልካቹ ሠራተኛ ሁሉ በሸሚዝ ተኮራምቶ ሳቀ። ገንዘብ ያዡ የግዢውን ኃላፊ ጎሸመው፤ ኃላፊው ደግሞ ጸሐፊዋን በዓይኑ ጠቆመ። የጎረቤት ገበና መቼም ያስቃል። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ መሳቅ አቆሙ። የአዳራሹም ሳቅ እንደተዘጋ ቧንቧ ጠብ ጠብ ብሎ ቀረ።

«ይሄ ስም ማጥፋት ነው» አሉ። «እዚህ ቤት ኮቱን ሰቅሎ የሚጠፋ አለ?»

«ኧረ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» አለ ገንዘብ ያዡ።

«እኔ እንኳን ኮትም የለኝ» አለች ጸሐፊዋ።

«ሰማህ ወንድሜ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ። « አንድ ምስክር አምጣ። ካጣህ ሰኞ ከተማ ዳር ያለው መጋዘን ትገባለህ።»

የመዝገብ ቤቱ ሰው ዞር ዞር ብሎ አየ። ሁሉም ጫማውን ያጠናል። ሚስቱ «ምላስህን ሰብስብ» ብላው ነበር።

በሩ ተከፈተ። ሽማግሌው ዘበኛ እስከ አገጫቸው ኮት ታቅፈው ገቡ።

«ልጆቼ፣ ላይኛው ፎቅ አፈሰሰ። እንዳይበሰብስባችሁ ከየወንበሩ ለቃቅሜ አመጣሁላችሁ። ይሄ የማነው?»

ገንዘብ ያዡ የሸሚዙን እጅጌ ይቆልፋል።

«ይሄ የሴት ኮትስ?»

ጸሐፊዋ ጣሪያውን ማየት ጀመረች።

«ግራጫውስ?»

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስብሰባው አብቅቷል።»

ሠራተኛው ሁሉ በሸሚዙ ዝናቡ ውስጥ ገባ። አንዱም እጁን ወደ ኮቱ አልዘረጋም። የመዝገብ ቤቱ ሰው በመስኮት ሲያይ ሥራ አስኪያጁ መኪናቸው አጠገብ ቆመው የሱሪ ኪሳቸውን ይዳብሳሉ። ዘበኛው ግራጫውን ኮት ነቅነቅ ቢያደርጉት ቁልፍ ተንቃጨለ።

ጥቂት ቆይቶ በሩ በቀስታ ተከፈተ። ከሥራ አስኪያጁ ጆሮ ውኃ ይንጠባጠባል።

«ጌታዬ፣ ምስክር አምጣ ብለውኝ ነበር» አለና የመዝገብ ቤቱ ሰው ግራጫውን ኮት ከዘበኛው ተቀብሎ እንዲለብሱት ዘረጋላቸው።

ሥራ አስኪያጁ ማንንም ሳያዩ እጃቸውን አስገቡ፤ መጀመሪያ ቀኙን።