ሰዓቱ ላይ ያልነበረው ፀጉር

ባለቤቴ ማየት ሲፈልግ መነጽሩን ያወልቅ ነበር። ሰው ለማየት ያደርጋል፣ እሱ ለማየት ያወልቃል። ከልጅነቱ ጀምሮ ከክንዱ ወዲያ ያለው ዓለም ጭጋግ ነበረ። አፍንጫው ሥር ያለውን ነገር ግን እንደሱ የሚያይ አላየሁም። ሰዓት ሠሪ ነበርና መተዳደሪያችን ይኸው ሆነ። ጠዋት ሱቅ እንደገባን ያን የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል መነጽሩን ይሰጠኛል፣ እኔም በሽርጤ ኪስ አኖረዋለሁ። ከዚያ በኋላ ደንበኛ ሲመጣ ማን እንደሆነ የምነግረው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን የአንዲት ሴት ትንሽ የእጅ ሰዓት ከፍቶ በቤንዚን አጠበ፣ በብሩሽ ጠረገ፣ አየ፣ እንደገና አጠበ።

«ፀጉርሽ ገብቶበታል» አለኝ።

«ፀጉሬ በሻሽ ተጠቅልሏል።»

«እንግዲያው የዚያ ሰውዬ ነው።»

ሰውዬው ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ነው። የሚለየን የጣውላ ግድግዳ ብቻ ነበር። ባለቤቴ ጣውላውን አንኳኳ።

«አንተ፣ ፀጉርህን ሰብስብ። ሥራዬን አበላሸህብኝ።»

«ከጠዋት ጀምሮ የመጣልኝ አንድ ራሰ በራ ነው» አለ ከወዲያ። «ከሱ ፀጉር ካገኘህ መልስለት፣ ይመርቅሃል።»

እኔ ሳቅሁ፣ እሱ አልሳቀም። የጣውላውን ስንጥቅ በጋዜጣ ወተፈ፣ መስኮቱን ዘጋ፣ እንደገና አጠበ። ሰዓቷን ተቀብዬ በሩ ላይ በብርሃን አየኋት። ጸድታለች።

«እስቲ ሰዓቱን ተወውና ነጩን ግድግዳ እይ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየ። ዓይኑን ወዲያና ወዲህ አዞረ።

«እዚህም አለ። ዓይኔን ሳዞር አብሮኝ ይሄዳል፣ ስቆም ቀስ ብሎ ይሰምጣል።» ከዚያ እንደ ቀላል ነገር፣ «ከትናንት ወዲህ ደግሞ በጎን በኩል መብረቅ ቢጤ ብልጭ ይልብኛል» አለ።

«ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ድካም ነው፣ ይተወኛል። ዓይኔን ነካክተው ካበላሹት ምኔን ይዤ እቀመጣለሁ?»

ጣውላው ምስጢር አይጠብቅም። ፀጉር አስተካካዩ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ።

«አንተ ከታወርክ እኔ ማንን ልሳደብ ነው? ተነሳ» አለና ክንዱን ያዘው። መነጽሩን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት።

ሐኪሟ ወጣት ነበረች። ጠብታ አድርጋ፣ ብርሃን አብርታ፣ ብዙ አየች።

«አባባ፣ የእርስዎ ዓይን እንደ ሰው ሁሉ ድቡልቡል አይደለም። እንደ እንቁላል ወደ ኋላ ረዝሟል፣ ሩቅ የማያዩትም ለዚሁ ነው። በዓይን ውስጥ እንደ እንቁላል ነጭ ያለ፣ የጠራ ዝልግልግ ነገር አለ። በዕድሜ ሁሉም ሰው ላይ ይቀጥናል። በተለጠጠ ዓይን ውስጥ ግን ቀድሞ ይቀጥናል፣ ክር ክር ይሠራል፣ ከኋላው ግድግዳም ይላቀቃል። ፀጉር የመሰለዎት የዚያ ክር ጥላ ነው።»

«መብረቁስ?» አልኳት።

«ሲላቀቅ ግድግዳውን እየጎተተው ነው። ጎትቶም ቀዶታል። ቀዳዳውን ዛሬውኑ ዙሪያውን በጨረር ካልበየድነው የቀጠነው ውሃ በሥሩ ገብቶ ግድግዳውን ይልጠዋል። ያኔ እንደ መጋረጃ ይጨልማል።»

እጄን ፈልጎ ያዘ።

«ብየዳ ከሆነስ እናውቃለን» አላት። «እጅሽ ብቻ አይንቀጥቀጥ፣ ልጄ። ፀጉሩስ?»

«ፀጉሩ ይቆያል። ይለምዱታል።»

ዓይኑ ተረፈ። ወደ ሥራ በተመለሰ ቀን መጀመሪያ ጣውላውን አንኳኳ።

«ፀጉሩ የራሴ ሆኖ ተገኘ። ይቅር በለኝ።»

«እኔን ተወኝ፣ ራሰ በራውን ይቅርታ ጠይቅ። ተስፋ አድርጎ ነበር።»

ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ሰጠኝ። ወደ ሰዓቱ ግን አላጎነበሰም። ትንፋሹ እስኪነካኝ ፊቱን ወደ ፊቴ አስጠጋና አየኝ።

«አንቺም ላይ አለ» አለኝ። በአውራ ጣቱ ጉንጬን ጠረገ። ምንም እንደሌለ እያወቀ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሥራ የሚጀምረው እንዲያ ነበር። እስከ ዕለተ ሞቱ ወረንጦውን አላስቀመጠም፣ ዓይኑም አልከዳውም። የከዳው ልቡ ነው።

መነጽሩ ዛሬም ሽርጤ ኪስ ውስጥ አለ። ጠዋት ሳበጥር አንዳንድ ጊዜ የእውነት ፀጉር ጉንጬ ላይ ያርፋል። ቶሎ አልጠርገውም።